ማሳ

ቪትዟን ሲያሻሽጠኝ ደላላው ያልነገረኝ፣
ሬዲዮዋ ዲዳ ነው፤ ካርታዋ ግን አስቸገረኝ።
በጃፓን አፍ ታዘኛለች፣ ቆፍጠን ብላ እንደ አስተማሪ፤
«ምን አለች?» ይላል ከኋላ፣ ሰዓት የሚያይ ተሳፋሪ።
እኔ ምኑን አውቄው!
በስክሪኑ ላይ ያለሁት ባሕር መሐል ነው፣
ቀይ ቀስት ሆኜ፣ ብቻዬን፣ ሰማያዊ ላይ ተንሳፍፌ፤
በመስኮቱ ግን ኮዬ ፈጬ፣ ከሲኖትራክ ለጥቂት ተርፌ።

የብሎካችን ዘበኛ፣ ጋሽ ደገፉ፣ «ምታት» አለኝ።
መታኋት። ግማሽ ዘፈን አሰማችኝ፣
ከዚያ አኮረፈች።
ባትሪ ነቅዬ ብመልስ ጭራሹን በር ዘጋች፤
የምስጢር ቁጥር ይመስለኛል፣ ባዶ ሣጥን ደርድራ ጠየቀች።
ቁጥሩን የሚያውቀው ሰውዬ ባሕር ማዶ ነው ያለው፣
መኪናውን ሸኝቶ ምናልባት ዛሬ በእግሩ ነው የሚሄደው።

ቱሉ ዲምቱን አልፎ፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጎን
ወርዶፋ የሚባል አለ፣ ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ፤
ማስታወቂያ የለው፣ በሩ ላይ የሞተ ባትሪ ደርድሮ
ነው የሚታወቀው።
ቁልፉን ተቀበለኝ። ጆሮውን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ፤
ሐኪም እንኳ እንደዚያ አያዳምጥም፣ በነጻም ሆነ በዋጋ።
«ሌንሳ! ካቻቢቴ!»
መጣች፣ የቱታዋ እጅጌ እስከ ክርኗ የተጠቀለለ፤
ጣቷ እሱ የማይደርስበት ይገባል፣ እየተሽሎከለከለ።

መጀመሪያ ቫልቮላ ታየ፤ አንዱም አልተቃጠለም።
ቀጥሎ ፖዘቲቩ፤ ቴስተሩ አሥራ ሁለት አለ፣ ምንም አልጎደለም።
የድምፅ ማጉያው ሽቦ፣ የአንቴናው ጫፍ፣ ሁሉም ደህና።
ወርዶፋ ላቡን ጠረገና
«ማሳ ነው» አለ። «ማሳዋን አጥታለች።
ኤሌክትሪኩ ይመጣል፤ መመለሻ የለውም።
መመለሻ የሌለው ነገር ደግሞ
አለ ቢሉት፣ የለም።»

ክሩስኮቶው ተፈታ። ሌንሳ እስከ ክንዷ ገባች፣
ጥቁር ሽቦ ጎትታ አወጣች፤ በጥርስ ተበልቷል።
ከኋላው ጎጆ፦ የወንበር ስፖንጅ፣ የሎተሪ ቁራጭ፣
የሽምብራ ገለባ።
«አይጥ!» አለች እየሳቀች። «ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሽምብራ ማን ዘራላት?»
ወርዶፋ አልሳቀም።
ገለባውን መዳፉ ላይ አድርጎ
«ብሎክህ ስንት ነው?» አለኝ።
ነገርኩት።
«ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ግራር አለ፣ ግማሹ የተቆረጠ?»
አለ፤ በየማታው ከሥሩ ነው የማቆማት።
«አባቴ እዚያ ጥላ ሥር ነበር ምሳውን የሚበላ፣
ከማሳው ሲወጣ።»
ይህን ብሎ ናስትሮውን በጥርሱ በጠሰና
አዲስ ሽቦ ከሻንሲው ጋር አሰረላት፣ አጥብቆ፣ ሁለቴ።

ቁጥሩን ሌንሳ ከስልኳ ጎልጉላ አወጣች፤
ስክሪኑ በራ። ሬዲዮዋ የኳስ ጨዋታ መሐል ገባች፣
ጎል ሊገባ ሲል።
«ካርታውስ?» አልኩ።
«እሱን ተወው። የራሷ አገር ካርታ ነው፤
ሌላ አታውቅም፣ ምን ታድርግ?»
ዋናው መንገድ ተቆፍሯል፤ በየት ልውጣ ስለው
በፒንሳው ጠቆመኝ፦ «በጨፌው በኩል ታጠፍ፤
ከጨፌው በላይ የቡልቶን በረት ታገኛለህ፣ በግራ።»
ጨፌ የለም። የቆመው ባለ አራት ፎቅ ባንክ ነው፤
በረቱም የመኪና እጥበት ሆኗል፤
ግን ታጠፍኩ፣
መንገዱም ወጣልኝ።

ሲመሽ ከግራሩ ሥር አቆምኳት። ቀስቱ አሁንም ባሕር ላይ ነው፤
ሴትዮዋ አንድ ነገር ብላኝ ጠፋች፣ ደህና እደር ይሆናል።
ከኪዮስኩ የሃያ ብር የሽምብራ ቆሎ ገዛሁ፤
ግማሹን ቃምኩ፣
ግማሹን ግንዱ ሥር በተንኩት፣
ሽቦዬን እንድትተውልኝ።